ስለ እኅቴ ጉልበት ያልተረጎምኩት

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ትምህርት ቤት ስገባ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩት ታላቅ እኅቴ የእኔን ድርሻ እንሰት እየፋቀችልኝ ነው። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የጥፋቴ ልክ አይታወቅም።

አንድ ክረምት እንሰት ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ እግሯ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰውነቷ ዞረ። ጉልበቷ አበጠ፤ እብጠቱ ቢጎድልም ሕመሙ አልለቀቃትም። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ክሊኒክ ወሰድኳት። አማርኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ለክሊኒኩ ድሬሰር በጌዴኦኛ ብዙ ነገረችው። ጉልበቷ እንደታጠፈ ተይዞ እንደሚቀር፣ መሬት ቁጭ ብላ እግሯን ግራና ቀኝ ስታወዛውዘው ቋ ብሎ እንደሚለቃት፣ እንዲያውም አንዴ ገበያ መሀል ይዟት ሴቶቹ ለማን ነው የምትጨፍሪው ብለው እንደሳቁባት። እግሯን አንሥታ ልታሳየውም ጀመረች። ከኋላችን የመምህራችን ባለቤት ተራ ይዘው ቆመዋል። አፈርኩባት። ደግሞም ተይዞ ስለሚለቅ ጉልበት በጤና መጽሐፌ ውስጥ አላነበብኩም። መጽሐፉ ውስጥ የነበረው ቁርጥማት ነው።

«ቁርጥማት ነው የሚያማት» አልኩት።

ቅባት ሰጣት፤ እንዲፍታታላትም ብዙ እንድትሄድ አዘዘ። በሩ ላይ ያልኩትን ሁሉ ነገርሽው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ሁለት የቡና ለቀማ አለፈ። እንደታዘዘችው ዳገቱን ወጣች፣ ወረደች። በመጨረሻ ጉልበቷ ተይዞ አልለቅ ሲል በጭነት መኪና ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ እግሯን በቀስታ እያዞረ፣ ከዚህ በፊትም እንዲህ ይይዛት እንደነበር ጠየቀ። መልሷን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ፤ ጭፈራውንም ጭምር።

በጉልበት ሁለት አጥንቶች መሀል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ልም አጥንት እንዳለ፣ የእሷ ተቀዶ ጫፉ መገጣጠሚያው ውስጥ እንደሚቀረቀር፣ ስታወዛውዘው የሚለቃትም ወደ ቦታው ሲመለስ እንደሆነ አስረዳኝ። የተቀደደውን ቆርጦ ያወጣል። እንዲያ ሆና ስትሄድበት የተፋቀውን የአጥንቱን ልባስ ግን ማንም አይመልስላትም።

«ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልተናገረችም?» አለኝ።

እኅቴ ምን አለ አለችኝ። ነገርኳት።

«ተናግሬያለሁ በዪው።»

«ተናግራለች» አልኩት፤ ቀጥሎ የሚጠይቀኝን እያወቅኩ።