የጅቡቲው ባቡር ዋስ

አባቴ ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ይህ ግን የባቡር ጉዞ ከማቀድ አላገደውም። ነቀምት ገበያ ውስጥ አቡጀዲና ካኪ የሚሸጥ የጉራጌ ነጋዴ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ታላቅ እህቴ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠራ ሰው አግብታ ሄዳ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከዚያ ወዲህ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። በመኪና ሾፌር እጅ የላከችው ደብዳቤ አጭር ነው፦ «እማዬን አምጡልኝ፤ ሳላያት እንዳልቀር።» እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤውን ከጉያዋ አላወጣችውም።

አባቴ ባቡር ተሳፍሮ የሚያውቅ አንድ የቡና ነጋዴ ለመጠየቅ ጊምቢ ድረስ ሄደ። የተነገረውን ሁሉ በጨርቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጽፎ ተመለሰ። ከነቀምት አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን፣ ለገሃር በማለዳ መገኘት፣ ድሬዳዋ ወርዶ ማደር፣ ለበረሃው ውሃ በጀሪካን መያዝ፣ የኮንትሮባንድ ነጋዴ መቀመጫህ ሥር ዕቃ ሲወሽቅ እንዳላየ መሆን። ከዚያ በምሳ ሰዓት ሱቁን እየዘጋ ያለማምደን ጀመር። አግዳሚዎቹን እንደ ባቡር ወንበር ይደረድርና እናቴን፣ ታናሽ እህቴን፣ እኔንና ራሱን ያስቀምጣል። የመስኮቱን ቦታ የሰጠው ለእኔ ነው። ጎረቤታችን አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አይታን፣ «ማል ጎቱ ኢሲን? ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብላ በሳቅ ሞተች። እኔም አፈርኩ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

አገር ለቆ መውጣት ግን አግዳሚ እንደ መደርደር አይቀልም። አዲስ አበባ ያሉት ባለሥልጣኖች ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያላመጣን ሰው አያናግሩም፤ ቀበሌ ማለት ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው። አባቴ አንድ እሑድ ቤታችን ጠራው። ክትፎ በቆጮ ቀረበ። ሰውዬው እንዴት እንደሚበላ ላስረዳችሁ ብል ምግባችሁን አስጠላችኋለሁ። ቅቤው በጣቶቹ መካከል ወርዶ ክርኑ ላይ ይደርሳል፤ ይልሰዋል፤ የቀረውን እናቴ በእጇ በጠለፈችው የሶፋ ልብስ ይጠርጋል። አፉን ሞልቶ ስለ አብዮቱ ያወራል፤ ሥጋው እየተፈናጠረ ይወጣል። ከእሱ ይበልጥ ያንገሸገሸኝ ግን አባቴ ነው። ሰውዬው ቀልዱን ሳይጨርስ ይስቃል፤ «ይጨመር ጓድ፣ ይጨመር እንጂ» እያለ ከራሱ ድርሻ ያነሳለታል። ክትፎ ከዚያ ቀን ወዲህ አፌ ገብቶ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባቴ ቀበሌ አብሬው እንድሄድ አዘዘኝ። እናቴና ታናሽ እህቴም መጡ፤ እነሱ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቀሩ። መንገድ ላይ «ሲጠይቁሽ ‹ይመለሳሉ› በይ። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ» ብሎኝ ነበር፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሊቀመንበሩ ፋይሉን ወደ እኔ አዞረው። ተጓዦች በሚለው ሥር የሦስት ሰው ስም አለ። የእኔ ስም ታች ነው፣ «ዋስ» በሚለው ቦታ።

ያኔ ወደ ውጭ የሚሄድ ቤተሰብ ሥጋ ዘመዱን ዋስ አድርጎ ካልተወ አይለቀቅም ነበር። ካልተመለሱ የሚጠየቀው፣ የሚታሰረው የቀረው ነው። ዋሱም ራሱ ቀርቦ ይመለሳሉ ብሎ ካልመሰከረ ደብዳቤ አይጻፍም። ማመልከቻው የተጻፈበትን ቀን አየሁ፤ አባቴ አግዳሚዎቹን መደርደር ከመጀመሩ በፊት ነው። አንድ ወር ሙሉ እንደማልሄድ እያወቀ የመስኮቱ ቦታ ላይ አስቀምጦ በረሃ ሲያሳየኝ ከርሟል። ቀና ብዬ ሳየው ለሊቀመንበሩ ፈገግ እያለ ነው፤ ያው የክትፎው ቀን ፈገግታ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣» አለ ሊቀመንበሩ፣ «አባትሽና እናትሽ ሄደው ይመለሳሉ?»

«አላውቅም» አልኩ።

አባቴ ሳቀ። «ትቀልዳለች ጓድ፣ ልጅ አይደለች?»

«አልቀልድም። አላውቅም።»

ሊቀመንበሩ ፋይሉን ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ልጁ ያላመነችውን ሰው እኔ በምን አፌ አምነዋለሁ?» አለ። አባቴ ለመነ፤ ሰው ፊት ተንበረከከ። እኔ በዚያ ሰዓት አላሳዘነኝም፤ ቀፈፈኝ እንጂ። ታላቅ እህቴን አላሰብኳትም። ይህን ስጽፍ ራሴን እጠየፋለሁ፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ስንወጣ እናቴ ከዛፉ ሥር ተነሳች። አባቴ እኔን ሳያይ «ሊቀመንበሩ ከለከለን» አላት። ያንን ውሸት ለምን እንደዋሸ ጠይቄው አላውቅም። እናቴን ብቻዋን ለመላክ ሌላ ማመልከቻ አስገባ፤ ያም ሳይፈቀድ ክረምቱ ገባ። በነሐሴ እህቴ ማረፏን የሚናገር ሰው መጣ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ድንኳናችን ገባ። ሰው ሁሉ ፈርቶ ቦታ ለቀቀለት። እናቴ ግን ተነስታ ፊቱ ቆመች። «ልጄ ስትጣራ ከለከልከኝ! አንተ ነህ የገደልካት!» እያለች ደረቷን ደቃች። እንዲህ ብሎ የሚናገረው ሰው በከተማው አልነበረም። ሴቶቹ ሊይዟት ሮጡ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ፤ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«ልክ ነሽ አዴ፣» አላት እናቴን በአክብሮት ጠርቶ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

እናቴ እጄን ይዛ ጎኗ አስቀመጠችኝ። «አየሽው ልጄ? እህትሽን የበላት ይህ ሰው ነው፤ እንዳትረሺው።»

«አዎ እማዬ» አልኳት።