የደቂቃ ኤሊ

እውነተኛ ስሟን የምንሰማው አስተማሪ ስም ሲጠራ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ለሁላችንም ደቂቃ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። «ነይ ምሳ እንብላ» ስላት «አንድ ደቂቃ»፣ «ታክሲው ሊሞላ ነው» ስላት «አንድ ደቂቃ»፣ «ኧረ መምህሩ ገብተዋል!» ስላት «አንዲት ደቂቃ፣ በናትሽ!» እያለች ስታንጨረጭረኝ ከርማ፣ አንድ ቀን «አንቺ ራስሽ ደቂቃ ነሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት።

የምንማረው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሙ በሽተኛው አፍ ውስጥ ሲሠራ፣ እኛ ከጀርባ ባለው ክፍል ጎንበስ ብለን ጥርሱን እናዘጋጃለን። የመንጋጋ ጥርሱን መጀመሪያ ከሰም እንቀርጸዋለን። ከዚያ የሰሙን ጥርስ ቀጭን ዘንግ ላይ አጣብቀን፣ የብረት ቀለበት ውስጥ አቁመን፣ እሳት የሚችል ጂፕሰም እናፈስበታለን። ጂፕሰሙ ሲጠነክር ምድጃ ይገባል፤ ሰሙ ቀልጦ፣ ተቃጥሎ ይጠፋል። ጂፕሰሙ ሆድ ውስጥ የሚቀረው የጥርሱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ባዶ። የቀለጠው ብረት የሚገባው እዚያ ባዶ ውስጥ ነው። መምህራችን «ለባለቅኔዎች ሰምና ወርቅ ተሰጣቸው፤ ለእናንተ ሰምና ኒኬል» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎችም የሳቁበት ነው፤ ፈተና እስካለ ድረስ እኛም እንስቃለን።

እኚህ መምህር ጋሼ ብረት ይባላሉ። በእርግጥ ፊት ለፊት የሚላቸው የለም። ስሙ የመጣው ከራሳቸው አፍ ነው። ተማሪ የሰም ሥራውን ይዞ «መምህር፣ እንዴት ነው?» ሲላቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «ሰሙን አታሳየኝ፤ ብረቱን አሳየኝ» ይላሉ። ማርክ የሚሰጡትም ለብረቱ ብቻ ነው።

ደቂቃ ግን ብረት ለመሆን ያልታሰበ ሰም ትወዳለች። እኛ ቆርጠን የምንጥለውን ቁርጥራጭ ሰብስባ ትንንሽ ነገር ትቀርጻለች፤ ሽምብራ የምታህል ማንኪያ፣ አንድ እጀታዋ የተሰበረ መነጽር፣ የሻገተ ሎሚ። (ሰም እንዴት እንደሚሻግት አትጠይቁኝ፤ ብቻ ስታዩት የሻገተ ነው።) አንድ ቀን የእኔን ጆሮ ሠርታ አሳየችኝ። «ይሄን ያህል ነው እንዴ?» ብዬ ተኮሳተርኩባት። «አሳንሼው ነው» አለችኝ።

ለዚህ የሚሆን ጊዜ አላት እንዳትሉ። ጠዋት እህቷ ፀጉር ቤት ገብታ ፎጣ ታጥባለች፣ የወለሉን ፀጉር ትጠርጋለች። ከዚያ ሮጣ ክፍል ትገባለች። ከክፍል መልስ ደግሞ የደንበኛ ራስ ማጠብ አለ። ስለዚህ ጊዜ የምትሰርቀው ከስንጥቅ ነው። ጂፕሰም እስኪጠነክር እኛ ስልካችንን ስንነካካ እሷ ሰሟን ታወጣለች። ደንበኛዋ ካስክ ሥር ተቀምጣ ፀጉሯ እስኪደርቅ፣ እሷ ጥግ ይዛ ትፍቃለች። የታክሲ ወረፋ ላይም ትፍቃለች፤ ወረፋው ሲንቀሳቀስ ከኋላዋ ያለው ሰው ነው ገፋ የሚያደርጋት። የጨረሰችውን የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከታ፣ ቀፎውን ጋዋኗ ኪስ ትጨምራለች።

ተደስታም የምትሠራው እንዳይመስላችሁ። ይቺ ልጅ ስትፈጠር ጀምሮ ልቧ አያርፍም። ስትቀርጽ ማንበብ ነበረብኝ ትላለች፤ ስታነብ ደግሞ ጣቷ ጠረጴዛውን ይፍቃል። በር ቆልፋ ደረጃውን ከወረደች በኋላ «ቆልፌዋለሁ አይደል?» ብላ ትመለሳለች። ተቆልፎ ታገኘዋለች። ትወርዳለች። ደግሞ ቆማ ታስባለች። አንዳንዴ ክንዷን ይዤ እየጎተትኩ ነው የምወስዳት።

ያሳደገቻት እህቷ ናት፤ እናታቸው ያረፈችው ይቺ ገና ነፍስ ሳታውቅ ነው። ልጅ እያለች ነጎድጓድ ሲያስፈራት፣ ወይ ሰው ሲቆጣት፣ ብርድ ልብሱን ተከናንባ ድፍት ትል ነበር አሉ። ያኔ እህቷ ጀርባዋን በጣቷ ኳ ኳ እያደረገች «ኤሊዬ፣ ጭንቅላትሽን አውጪ» ትላታለች። አንዳንዴ ብዙ ኳኳታ ይፈልጋል። ይህን የነገረችኝ እህትየው ናት፤ ደቂቃ አጠገቧ ቁጭ ብላ በኀፍረት ቀልታ ነበር።

እህትየው የታጨች ሴት ናት። እጮኛዋ ሥራው ወደ ሩቅ ከተማ ካዛወረው ቆይቷል። የሠርጉ ቀን አንድ ጊዜ ተቆርጦ ነበር፤ «ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ፣ ለማን ጥያት እሄዳለሁ?» ብላ አስተላለፈችው። አሁን እንደገና ተቆርጧል፤ ደቂቃ የመጨረሻውን የተግባር ፈተና ካለፈች ሆስፒታል ለሥራ ልምምድ ትመደባለች፣ መኝታም እዚያው ይሰጣታል፣ እህትየውም ፀጉር ቤቱን አስረክባ ትሄዳለች። ከወደቀች ግን ዓመቱን መድገም ነው። «ከወደቅኩ እታለም አትሄድም» አለችኝ ደቂቃ። «ሰውየውስ እስከ መቼ ይጠብቃታል? በእኔ የተነሳ ቀረች ማለት ነው።» ይህን ያለችኝ ፈተናው ሲቃረብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምግብ ሲበላላት አላየሁም።

ፈተናው ሲቃረብ ጀምራ የምትቀርጸው ደግሞ አንዲት ኤሊ ነበር። ለእህቷ መሸኛ። ጭንቅላቷ እየተሰበረ አስቸገራት፤ አንገቷ ቀጭን ነው፣ ትሠራዋለች፣ ይወድቃል። «አሁን ይሄ ጊዜው ነው? እስቲ ፈተናው ይለፍ» አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሁላችንም መንጋጋችንን ቀረጽን። ክፍሉ ውስጥ የቢላዋ ጭረት ብቻ ነው የሚሰማው። ጋሼ ብረት እጃቸውን ወደኋላ አድርገው በመካከላችን ይንጎራደዳሉ። ደቂቃ ቀድማ ጨረሰች። ጥሩ መንጋጋ ነበር፤ ቀናሁባት፣ ለምን እዋሻለሁ። የጂፕሰም መበጥበጫው ወረፋ ስለነበረው ቁጭ ብላ መጠበቅ ነበረባት። ቁጭ ብሎ መጠበቅ እሷ መቼ ይሆንላታል? የክብሪት ቀፎዋን ስትከፍት አየሁ። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት።

«ተይ! እያዩሽ ነው።»

«አንድ ደቂቃ። አንገቷን ብቻ።»

መንጋጋና ኤሊ አብረው ጠረጴዛዋ ላይ ነበሩ። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ አይገባውም፤ የመንጋጋ ጥርስ ከላይ ሲያዩት ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ መሐሉ የተሰነጣጠቀ ነው። ከኤሊ ጀርባ ብዙም አይለይም። በዚያ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰም፣ አንድ ዓይነት መጠን። ኤሊዋ ጭንቅላቷ ከወደቀ ደግሞ አለቀ።

«ወረፋሽ ደርሷል፣ ምን ይጎልትሻል!» ብለው ጋሼ ብረት ድንገት ከኋላችን ጮሁ። ደቂቃ ክው አለች። አንዱን አፈፍ አድርጋ ዘንጉ ላይ አጣበቀች፣ አንዱን ቀፎው ውስጥ ወረወረች፣ ቀለበቱን ደፍታ ጂፕሰሙን አፈሰሰች። ጂፕሰሙ የጠነከረበትን ቀለበት በመቆንጠጫ ተሸክማ ምድጃው ጋ ስትደርስ፣ እጅ ሲያጥራት ቀፎውን የምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ረሳችው።

የምድጃው በር ከተዘጋ በኋላ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የቱን ነው የከተትኩት?»

«ምኑን?»

«ቀለበቱ ውስጥ። መንጋጋውን ነው ኤሊዋን?»

ሳቅሁ። «በሩን ቆልፈሽዋል» አልኳት። በሩ ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው የሚገኘው፤ ይሄም እንደዚያው ነው ብዬ ነው። «ቀፎውን ክፈቺና እዪዋ!»

ያኔ ነው ቀፎው ትዝ ያላት። ሮጣ አመጣችው። ስንከፍተው ሰሙ ቀልጦ ቀፎው ሥር ተኝቷል፤ ጀርባም የለው፣ ጉብታም የለው፣ ሰም ብቻ ነው።

«ልንገራቸው?» አለችኝ።

«ምን ብለሽ? ፈተና ላይ አሻንጉሊት ስሠራ ነበር ብለሽ? ጥርሳቸው ውስጥ መግባት አማረሽ?» አልኳት። ደግሞስ ቢነገራቸው ምን ሊያደርጉ? ቀለበቱ ውስጥ ያለው ሰም አሁን ጭስ ሆኗል። የሚታይ ነገር የለም። ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

እንደዚያ ያለ መጠበቅ አይድረስባችሁ። ምድጃው ይጉረመረማል፤ ክፍሉ የተቃጠለ ሰም፣ የተቃጠለ ሰም ይሸታል። ደቂቃ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን እያየች የያዘችውን ለማስታወስ ትሞክራለች። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጠም ታደርግና «እንዲህ ስይዘው እግር ነበረው እንዴ?» ትለኛለች። «ዘንጉ ላይ ሳጣብቀው የተገለበጠ መስሎኛል። አይ፣ አልነበረም። አንቺ አላየሽም?» አላየሁም። ጋሼ ብረት ሲጮሁ እኔም የራሴን አቅፌ ነበር። እህቷ ደወለች። «ደህና ነው፣ እታለም። ደህና ነው። ብረት ልናፈስ ነው» አለቻት። ስልኩን ስትዘጋ እጇ ላይ ያለው ላብ ስልኩ ላይ ቀርቶ ነበር። እኔ ደግሞ ማለፏንና መውደቋን ሳይሆን፣ እህትየው በር ላይ ቆማ ስትሰማ የምታሳየውን ፊት ነበር የማስበው።

«ካለፍኩ» አለች፣ «ሁለተኛ ሰም አልነካም። ለሥራ ካልሆነ።»

«ተይ እባክሽ።»

«እውነቴን ነው።»

ብረቱ ፈሰሰ። ቀለበቶቹ በየተራ ውሃ ውስጥ ገብተው ተንጫጩ። ጋሼ ብረት መዶሻቸውን አንስተው የእያንዳንዱን ጂፕሰም በራሳቸው እጅ ይሰብሩ ጀመር። የእኔ ጥርስ ጎኑ ላይ ቀዳዳ ነበረው። «ይሄን ማን ያስነቅለው!» አሉና ለጥቂት አሳለፉኝ። ቀጥሎ የእሷ ነበር። ደቂቃ ክንዴን ጨመደደችው፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። መዶሻው አረፈ፣ ጂፕሰሙ ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ውስጥ ጎበጥ ያለ ጀርባ ብቅ አለ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ኤሊ ነው ብዬ ልምል እችል ነበር።

ጋሼ ብረት በብሩሽ ጠረጉት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። አገላበጡት። ጊዜ ወሰዱ።

«መንጋጋ» አሉ። «ጠርዙ ንጹህ ነው። ቀጣይ!»

እኔ ነኝ እልል ልል የደረስኩት። እሷ ክንዴን ለቀቀችና ወጣች። ተከትያት ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ የክብሪት ቀፎውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«አልፈሻል እኮ! ምን ሆነሻል?»

«ጀርባው ብቅ ሲል» አለች፣ ሳታየኝ፣ «ኤሊዋ ናት ብዬ ደስ አለኝ።»

«ምን?»

«ደስ አለኝ። ኤሊዋ ከሆነች እታለም አትሄድም ብዬ።» ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። «እንዴት ያለሁ ክፉ ነኝ!»

አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስትፈራ የከረመችው መውደቅን ብቻ መስሎኝ ነበር።

እህትየው የታክሲው ማቆሚያ ጋ ትጠብቀን ነበር፤ ፀጉር ቤቱን ዘግታ ነው የመጣችው፣ እጀታዋ ላይ ገና ፀጉር አለ። ፊታችንን ስታይ ደነገጠች። «አልፋለች!» አልኩ ቶሎ ብዬ። እህትየው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ?»

ደቂቃ ቀፎውን አቀበለቻት። እህትየው ከፈተችው፤ ወደ ብርሃን አዘንበል አድርጋ አየችው።

«ምንድን ነው?»

«ኤሊ ነበረች። ላንቺ ነበረች። ይዘሻት እንድትሄጂ።»

«ሰም መጎርጎር ተይ ስልሽ…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። «ጭንቅላቷስ የታል?» አለች።

 የደቂቃ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ አገጯ ደረቷ ውስጥ ተቀበረ፤ እንደዚያ ሆና ቆመች። ታክሲው መጣ፣ ረዳቱ መጣራት ጀመረ። እህትየው ቀፎውን ቀስ ብላ ዘጋችው። በጣቷ ክዳኑን ኳ ኳ አደረገችው።

«ኤሊዬ፣ ጭንቅላትሽን አውጪ» አለች።

የተናገረችው ለቀፎው ነው፤ ዓይኗ ግን እህቷ ላይ ነበር።

ደቂቃ ግንባሯን እህቷ ትከሻ ላይ ቀበረች። «አንድ ደቂቃ» አለች ከዚያው ውስጥ። ረዳቱ ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን እያለ ጮኸብን። እህትየው አልተንቀሳቀሰችም። ታክሲው ሞልቶ ሄደ።