ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያቆመችው ብረት

ዶክተር ስላት «ገና ተማሪ ነኝ እኮ! መድኃኒቱን ሳገኝ ትይኛለሽ» ትለኛለች። ልጄን የያዛትን፣ በዘር የሚወረሰውን የነርቭ በሽታ ለዶክትሬቷ የምታጠናው እሷ ናት። ማሰሪያ ያለው ጫማ አታደርግም። የምታደርገውም ጣቱ ጋ ብቻ ተፍቆ አልቋል። አንድ ሐሙስ እንደቀረው ሰው ስለምትጣደፍ ይመስለኝ ነበር።

ቤተ ሙከራዋ በሄድን ቁጥር፣ ሹካ የምትመስል፣ ስትመታ የምትነዝር ብረት ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጋ የልጄ ቁርጭምጭሚት ላይ ታቆማታለች።

«ነዘረሽ? ካልነዘረሽ አልነዘረኝም በይ። ደስ እንዲለኝ ብለሽ እንዳትዋሺኝ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?»

ዛሬ ልጄ ትንሽ ተሰማት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ቦርሳዬን አንስቼ ዞር ስል፣ ተማሪዋ ብረቷን እንደገና መትታ የራሷ ቁርጭምጭሚት ላይ አቁማታለች። ዓይኗን ጨፍናለች። የብረቷ ንዝረት እኔ ድረስ ይሰማል።

«አንቺንስ ነዘረሽ?» አለቻት ልጄ።

«እንዴታ!»

«ደስ እንዲለኝ ብለሽ እንዳትዋሺኝ።»

ተማሪዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አፏ ላይ ደረቀ።

«አልነዘረኝም፣ የኔ እናት።»

እግሯን እየጎተተች ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች። ሌላ ቃል ቢጠፋኝ «በርቺ፣ ዶክተር» አልኳት።

ዛሬ አላረመችኝም።