ውሾቻችንን አዲስ አበባ የሚያደርሱልን ጋሽ አዳሙ

"ጋሽ አዳሙ የሉም" አለኝ ስልኩ ላይ አንድ የማላውቀው ድምፅ።

"የት ሄዱ?" አልኩት።

እውነቴን ነው፣ የት ሄዱ ብዬ ጠየቅሁት። ትናንት ከሰዓት ውሾች ሊወስዱ መጥተው በራፌ ላይ ቆመው ሲስቁ የነበሩ ሰው እንዴት የሉም ይባላሉ?

ዛሬ ጠዋት ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ የመኪናቸው ፍሬን እምቢ አለ። ሽቅብ የሚመጣ ሚኒባስ ነበር፣ ሰው የሞላበት። እሱን ላለመግጨት መሪያቸውን ወደ ዓለቱ አዞሩት። ከሚኒባሱ ማንም አልተጎዳም። እሳቸው ግን ሆስፒታል እንኳ አልደረሱም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ አዳሙ የሉማሜ ሰው ናቸው። ነበሩ ለማለት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከአማኑኤልና ከማርቆስ ከተሞች በጭነት መኪናቸው እህል እየጫኑ አዲስ አበባ ያመላልሳሉ። እኔ ማርቆስ ውስጥ ከመንገድ የማነሳቸውን ውሾች፣ የተገጩትን፣ የተደበደቡትን፣ መርዝ በልተው የተረፉትን፣ አዲስ አበባ ለሚያሳድጓቸው ሰዎች የሚያደርሱልኝ እሳቸው ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ፣ በነፃ።

የተዋወቅን ቀን አንድ እግሯ የተቆረጠ ውሻ አቅፌ ሉማሜ ላይ ቆሜ ነበር። አውቶቡሶቹ ሁሉ "ውሻ አንጭንም" ብለው አባረውኛል። ከሻይ ቤት ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው መጡ።

"ትናከሳለች?"

"አትናከስም ጋሼ።"

"እኔ ግን አንዳንዴ እናከሳለሁ፤ ንገሪያት" ብለው ጋቢናውን ከፈቱላት።

ከዚያ ወዲህ ውሻ ብለው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ኬላ ላይ "ምን ጭነዋል?" ሲባሉ "ጤፍና አንዲት ተሳፋሪ" ነው መልሳቸው። ከመንገድ ደውለው "ተሳፋሪሽ በልታለች"፣ "ተሳፋሪሽ እያንኮራፋች ነው" ይሉኛል።

አንድ ቀን "ለምን ይህን ያህል ይለፋሉ?" አልኳቸው።

"ድሮ፣ ከአማኑኤል አለፍ ብሎ አንዲት ውሻ ገጨሁ። አልቆምኩም። በመስታወቱ ሳይ ቡችሎቿ ከቦዩ ወጥተው ይልሷታል። ያኔም አልቆምኩም" አሉኝ።

ሁለተኛ አንስተውት አያውቁም።

አሁን የራሴን ልናገር። ሰው ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማ።

ከትናንት ወዲያ ደውለው "ፍሬኑ ደስ አላለኝም፤ ሰኞ ጋራዥ ላሳየውና ማክሰኞ ልሂድ" አሉኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እናትና ልጅ ውሾች ነበሩኝ፣ ሁለቱንም አብሮ የሚወስድ ቤተሰብ ከስንት ልመና በኋላ ተገኝቷል። "ጋሼ፣ ሰዎቹ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ እባክዎ" አልኳቸው።

"በይ እሺ፣ አዘጋጂያቸው" አሉ።

ዛሬ ከሰዓት ሉማሜ ልቅሶ ቤት ሄጄ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እግር ላይ ወደቅሁ። "እኔ ነኝ ያጣደፍኳቸው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ጠዋት እኔም ተው ቆይ ብዬው ነበር። ልጅቷ ጨንቋታል ብሎኝ ወጣ።"

አልተቆጡኝም። ይቅርም አላሉኝም። ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥኩ።

እናትየዋ ውሻ እዚያው ሞታለች። ቡችላው ተርፏል። ያ የደወለልኝ ሰው ከሚኒባሱ ተሳፋሪዎች አንዱ ነው፤ በጋሽ አዳሙ ስልክ ላይ የመጨረሻው ቁጥር የእኔ ስለነበር ነው የደወለው። ቡችላውን በጃኬቱ ጠቅልሎ ሉማሜ ድረስ ይዞልኝ መጣ። "እኛን ብለው ነው" ይላል ደጋግሞ። እኔም "አይ፣ እኔን ብለው ነው" ማለት ፈልጌ ነበር፤ ቡችላውን ተቀበልኩት።

ይህን ስጽፍ ቡችላው እግሬ ሥር ነው። ወተት ሰጥቼው አልቀመሰም።

ጋሽ አዳሙ፣ ነገ አፈር ሊያለብሱዎት ነው። በስንቱ ቤት በር ላይ በእርስዎ እጅ የገባች ነፍስ ዛሬ ተኝታ ፀሐይ ትሞቃለች። አላመሰገንኩዎትም። አመሰግናለሁ ማለት እንኳ ሁሌ በስልክ፣ ሁሌ በጥድፊያ ነበር።

ቀስ ብለው ይሂዱ ጋሼ። ከእንግዲህ የሚያጣድፍዎ የለም።