የሙሉቀን ደወል፦ በተሳቢ ከንፋስ መውጫ እስከ ስማዳ

ንፋስ መውጫ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ቀይ ትራክተር፣ ከኋላው ባለ አራት ጎማ ተሳቢ፤ ተሳቢው ላይ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና አንድ ደወል።

ደወሉ ስማዳ ላለችው ለቀበሌያችን ማርያም ነው። ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን «እኔው ራሴ አመጣዋለሁ» ብሎ ለቄሶቹ ቃል ሰጥቶ ነበር። ሥራው ጭነት ማሰር ነበር፤ በዚህ መንገድ የማያውቀው የለም። ታመመ፣ አረፈ። ነገ አርባው ነው። ደወሉን የማደርሰው እኔ ነኝ። ወድቆ ከተሰነጠቀ ድምፁ አይመለስም።

ገመዱ የእሱ ነው። እኔ ተማሪ ነኝ፤ ጫፍ ይዤለት እንጂ ብቻዬን አስሬ አላውቅም። ከባዱን ከታች፣ መሃል ላይ አደረግሁ። ደወሉን አሮጌ ጎማ ላይ ደፋሁት። ሹፌሩ ጋሼ ተስፋው ጭነቱን ዞረው አዩት።

«ጨረስህ?»

«የጨረስሁ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል የሚባል ገመድ የለም» አሉና ሳቁ። ይቺ የወንድሜ አባባል ናት። ወርጄ እንደገና ፈተሽሁ።

ከከተማው እንደወጣን ትራክተሩን አቆሙት። ይህም የእሱ ደንብ ነው፤ ጭነት ትንሽ ተጉዞ ይረጋል፣ ሲረጋ ገመድ ይላላል። ገመዱን በጣቴ መታሁት። ዝም አለ። አጠበቅሁት፤ ደግሜ ስመታው እንደ ክራር ጮኸ።

አርብ ገበያ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል

ዕለቱ አርብ ነው። መንገዱን አህያ፣ ገብስና ባቄላ የተሸከመ ሰው ሞልቶታል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ስለሆነ እቃውን ወደ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ማዛወር አለብን። የቀበሌያችን ሰዎች በአያ ዘለቀ መሪነት ይጠብቁናል። አያ ዘለቀ በእርሻ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው።

ጭነቱ የተሸፈነበትን ሸራ አጣጥፌ ስመለስ ሲሚንቶውን በሙሉ ወደ ተሳቢው ጭራ ወስደውታል። ደወሉንም ሊያስከትሉ ነው። ሁለት ጎረምሶች የተሳቢውን አንገት፣ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘውን ብረት፣ ወደ ታች ተጭነው ይዘዋል።

«ምነው አያ ዘለቀ፣ ሁሉን ወደ ኋላ?»

«አንገቱን አትጫነው፣ ልጄ። በሬ አንገቱ ከቆሰለ ማን ያርሳል?»

«ይሄ እኮ ትራክተር ነው።»

«ይጎትት የለም? የሚጎትት ሁሉ አንገት አለው።»

ገበያው ሳቀ። አንዱ ባለ አህያ፣ «ተማሪ ደግሞ ስለ ጭነት ምን ያውቃል! ሂድ ደብተርህን እሰር!» አለ።

ሽማግሌ ፊት ምላሴ ይያዛል። ግን ዝም ካልሁ ዳገቱ ላይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። «ደወሉ ይቆይ» አልሁ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባሁና ሰዎቹን ከተሳቢው ኋላ አራቅሁ። «አሁን... አሁን አንገቱን ልቀቁት።»

ለቀቁት። አንገቱ ብድግ ብሎ ሰማይ አየ።

«ትራክተሩንም እንዲህ ነው የሚያነሳው» አልሁ። «ከኋላ ይቀልና ጎማው ዳገት ላይ መሬት አይነክስም። ሁሉን ወደ ፊት ካደረግነው ደግሞ የትራክተሩ የፊት ጎማ ይነሣና መሪው አይታዘዝም። ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት ይክበድ፤ ትንሽ ብቻ። ሙሉቀን ነው ያስተማረኝ።»

አያ ዘለቀ ተጠጉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና የመጀመሪያውን ከረጢት እሳቸው አነሡ። ደወሉን ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ፊት አስቀምጠን በአራት አቅጣጫ አሰርሁት።

ዳገቱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ጎረምሶቹ ደወሉ አጠገብ ሊቀመጡ ፈለጉ። ጋሼ ተስፋው ከለከሉ፤ «ጭነት ላይ ሰው አይጫንም። ማርያም በእግራችሁ ብትመጡ አትቀየማችሁም።» ሁላችንም ከጎን ከጎን እየተራመድን ተከተልን።

ዳገቱ ድንጋያማ ነው። ትራክተሩ አጓራ፣ ቀስ አለ፣ ነከሰ፣ ወጣ። ወንድሜ ይህንን ቢያይ ብዬ... ብቻ ጫፍ ላይ ስንደርስ ገመዱን መታሁት። ጮኸ።

ስማዳ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል

እልልታው ከሩቅ ተሰማ። ቄሶቹ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ሰው ሁሉ ወደ ደወሉ ሲሮጥ አያ ዘለቀ ወደ ትራክተሩ ኋላ ሄዱ። ጎንበስ ብለው የተሳቢውን አንገት፣ ከቀንበር የወጣ በሬ እንደሚዳስሱ፣ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«አልቆሰለም» አሉ።

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሙሉቀን አስሮ የላከው ጭነት መሰለኝ» አሉኝ።

ቋጠሮውን ሳብሁት፤ እንደ እሱ ቋጠሮ በአንድ ስበት ተፈታ። ደወሉን በጣቴ አንጓ መታ አደረግሁት። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣና ቅጽሩን ዞረ።

ነገ ጠዋት ለአርባው ይደወላል። የሙሉቀን ቃል ደርሷል።