የይርገዱ ስእለትና ሦስቱ መድኃኒቶች

የቁሐር ሚካኤሏ ይርገዱ ሦስቱን መድኃኒቶች በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ሐኪሙ ሲጠራቸው ሦስቱም አንድ ዓይነት ይጀምሩና ጭራቸው ላይ ይለያያሉ፤ እሷ ከጭራቸው ሳትደርስ ስሙ ያልቃል። ስለዚህ እንደ ከብት በመልካቸው ለየቻቸው። አንደኛው መርፌው ነው፤ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ተሰክቶ፣ ከትንሽ ማሽን ጋር ተያይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ የሚገባ። ሁለተኛው የሦስት ጊዜው ነው፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ ከምግብ ጋር የሚዋጥ ኪኒን። ሦስተኛው የሚሟሟው ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ተበጥብጦ የሚጠጣ። ይኸኛውን ልጇ ቀምሳው አታውቅም፤ ይርገዱ የምታውቀው በሌላ ሴት ልጅ ላይ አይታ ነው።

ልጇ ፀደይ ትባላለች፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአባትም ከእናትም የወረደ የደም ሕመም አለባት፣ ታላሴሚያ የሚሉት። ደሟ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ በየወሩ ባሕር ዳር እየሄደች የሰው ደም ይሰጣታል። የሰው ደም ሕይወት ይሰጣታል፣ ግን ብረትም ይዞ ይመጣል። ሰውነት ደግሞ ለገባው ብረት መውጫ በር የለውም። ጉበት ላይ ይቀመጣል፣ ልብ ላይ ይቀመጣል፤ ልብ ላይ ሲበዛ ልጅ ይቀጫል። ሦስቱ መድኃኒቶች ያንን ብረት እየጎተቱ የሚያወጡ ናቸው።

ይርገዱ ይህን መጀመሪያ የሰማች ቀን ሐኪሙን ዶክተር ሰውመሆንን አፍጥጣ አየችው።

«ብረት ነው ያሉኝ?»

«አዎ እናቴ፣ ብረት።»

«ይችን ልጅ ስወልድ ራስጌየ ላይ ማጭድ አስቀምጠውልኝ ነበር። አራስና ጨቅላን ብረት ይጠብቃል ብለው። ያን ጊዜ የጠበቀን ብረት አሁን ምን አድርገነው ነው?»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። እሷም መልስ ሳታገኝ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ነገር መልስ ሳታገኝለት አልፏል።

አራት ዓመት መርፌው ነበር። የፀደይ ሆድ በእብጠት ተሞላ፤ ዛሬ በግራ፣ ነገ በቀኝ፣ የሚወጋበት ቦታ ጠፋ። ልጅቱ እናቷ ስትተኛላት እየነቀለችው ታድር እንደነበር ይርገዱ ያወቀችው ዘግይታ ነው። አባቷ አያልነህ በሩዝ ማሳው ጭቃ ውሎ ሲገባ ማሽኑን ካየ ፊቱን ያዞራል። «ጥጃ እንኳን በገመድ ስታስሪው ያለቅሳል» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

ከዚያ አምና በጥቅምት ወደ ሦስት ጊዜው ኪኒን ተዛወረች። በሁለተኛው ቀን ይርገዱ ልጇ የሸናችበትን አይታ እሪ አለች፤ ሽንቷ ቀልቷል። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ባጃጅ ተጠራ፣ ወረታ ደረሱ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ካርዱን አየችና «ደም አይደለም እትየ፣ ብረቱ ሲወጣ እንደዚህ ያቀላዋል፤ አልነገሩሽም እንዴ?» አለቻት። ነግረዋት ነበር፤ ረስታው ነው። ከዚያ በኋላ ያ ቀይ ሽንት ደስታዋ ሆነ። ጧት ጧት «አሳይኝ» ትላለች፤ ፀደይ ደግሞ ታፍራለች።

ባሕር ዳር ደም በሚሰጥበት ክፍል ብርክቲ የምትባል የሐሙሲት ሴት ወዳጅ አገኘች። የብርክቲ ልጅም ሕመሙ አንድ ነው፤ እሱ ግን የሚሟሟውን ነው የሚጠጣ። ሁለቱ እናቶች በተገናኙ ቁጥር መድኃኒት ሲያወዳድሩ ይውላሉ።

«ያንችው ሽንቱ ይቀላል?» አለች ይርገዱ።

«አይቀላም።»

«ታዲያ ብረቱ በየት ነው የሚወጣው?»

«በዐይነ ምድር ነው አሉኝ።»

«አይተሽዋል?»

«አንች ደግሞ! እሱንማ አላይም፤ ያንች ይብቃን» አለች ብርክቲ፣ ተሳሳቁ። ይርገዱ ግን በልቧ የሚሟሟውን አላመነችውም። በዐይን ያልታየ ነገር እንዴት ወጣ ይባላል? ብርክቲ በበኩሏ በሳምንት በሳምንቱ ጣት እየተወጋ ነጭ የደም ሕዋስ የሚቆጠርበትን የሦስት ጊዜውን ፈራችው። የእሷ ልጅ የሚመረመረው ኩላሊቱ ነው። እያንዳንዷ የያዘችውን ትወዳለች፣ የሌላዋን ትፈራለች፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የያዘችውን ትጠራጠራለች።

በኅዳር ሚካኤል ይርገዱ ተሳለች። ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር ከሴቶቹ መካከል ተንበርክካ «ቁጥሯን አውርድልኝ እንጂ፣ ልጄ ሁዳዴንም ፍልሰታንም ትጾምልሃለች» አለች። ቁጥሩ በደሟ ውስጥ የተጠራቀመው ብረት የሚለካበት ነው፤ ያን ጊዜ አራት ሺህ ሁለት መቶ ነበር። በጥር ሄዱ፤ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሆነ። ዶክተሩ እጁን አጨበጨበ። ይርገዱ እንባዋ መጣ፤ ስእለቷ ሠመረ።

ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ ፀደይ ጾመች። ማንም አላስገደዳትም፤ እኩዮቿ ሁሉ ይጾማሉ፣ እሷ ብቻ እንደ ሕፃን ጧት እየበላች ስታፍር ኖራለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የለም። ኪኒንም በውኃ ነው የሚዋጥ፣ እንዲያውም ከምግብ ጋር ነው። ይርገዱ አሰበችና መላ መታች፤ አንዱን በዘጠኝ ሰዓት ጾሙ ሲፈታ፣ ሁለተኛውን ፀሐይ ስትገባ፣ ሦስተኛውን ልትተኛ ስትል። ሦስት ነው የተባለችው፣ ሦስት ሰጠች። ቀኑን ባዶ የዋለ ሆድ ላይ ተደራርቦ ሲገባ ልጅቱን አስታወካት፤ በሁለተኛው ላይ ሁሌም ያስታውካታል። ይርገዱ ጀርባዋን እያሻሸች «ጾሙ ነው፣ ሆድሽ ደርቆ ነው፣ ፋሲካ ሲሆን ይተውሻል» አለቻት። ፋሲካ ሲሆን ተዋት።

በግንቦት ቁጥሩ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሆኖ ተገኘ።

ዶክተር ሰውመሆን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየው። «ኪኒኑን ታጎድላለች?»

«አንዲት አላጎደለችም!» አለች ይርገዱ፤ እውነቷን ነው።

«ፀደይ፣ አንችስ?»

«በየቀኑ ሦስት ውጫለሁ።»

ዶክተሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲያው መድኃኒቱ አልያዛትም ማለት ነው። ወይ ወደ መርፌው እንመልሳት፣ ወይ ሁለቱን አንድ ላይ እናድርግ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ንገሩኝ፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ለልቧ ያሰጋል።»

ፀደይ አልጮኸችም። ቀስ ብላ «መርፌው ከተመለሰ እኔ ባሕር ዳር አልመጣም፤ ደሙንም አልወስድም» አለች። ይርገዱ ልጇን ታውቃታለች፤ ያለችውን ታደርጋለች።

ደሙ እስኪያልቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ለብርክቲ አጫወተቻት። «ስእለቴን ከፍየ፣ ልጄ ሙሉ ሁዳዴ ጹማልኝ፣ ቁጥሩ እንዴት ይወጣል? ሚካኤል አልተቀበለኝም ይሆን?»

«ኪኒኑንስ በጾሙ እንዴት ታደርጊው ነበር?»

ይርገዱ ነገረቻት፤ ኮራ ብላ ነው የነገረቻት።

«ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ሦስቱንም? አያስታውካትም?»

«ያስታውካታል እንጂ። በጾም ሆድ…»

«ካስታወካት ታዲያ ምኑን ዋጠችው እቴ?»

ይርገዱ ወደ ወረታ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥር ጀመር። አምሳ አምስት ቀን። በቀን አንዱ ወጥቶ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቱ። ያኔ ጧት ጧት የፀደይ ሽንት እንደ ቀድሞው አልቀላም ነበር፤ አይታ ነበር። «ብረቱ ስላለቀ ነው» ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ታዲያ ለዶክተሩ ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገረችም? እሷም ይህን ራሷን ጠይቃለች። ሰባት ቀን ዝም አለች። ብትናገር ስእለቴ ልጄን ጎዳ ማለቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ እንዲወጣ አልፈለገችም። ዝም ብትል መርፌው ይመለሳል። ደግሞ ስእለቱ ግማሹ ገና አልተከፈለም፤ ፍልሰታ ይመጣል። በሩዙ ማሳ ስትዞር አረሙን ትታ ቡቃያውን ነቅላ ተገኘች። አያልነህ አይቶ «አንች ሴት፣ ጠላታችን የትኛው እንደሆነ ጠፋሽ?» አላት። ጠፍቷት ነበር።

በስምንተኛው ቀን ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቷን አባ ቢሻውን ከደጀ ሰላሙ ጥላ ጠበቀቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ለመሆኑ ሕመምተኛ እንደማይጾም አታውቂም?» አሏት።

«አውቃለሁ አባ።»

«ታዲያ ለምን ሳትጠይቂኝ?»

«አይሆንም እንዳይሉኝ ነው።»

አባ ቢሻው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። «እህ! የሚከለክልሽን አውቀሽ ሸሸሽ። ስሚ ልጄ፣ የተሳለው አፍ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው የሚጾመውም ሆድ ያንችው ይሁን። በልጅ ሆድ አትሳይ። ኪኒኗን በሰዓቷ ስጫት፣ ቁርሷን ትብላ፤ አንች የእሷንም ደርበሽ ጹሚ።»

«እኔማ ድሮም እጾማለሁ። ምን ልጨምር?»

«ዘይቱን ተይ፣ ጨዉንም ተይ። እኔ እንጃ፣ አንች ታውቂያለሽ።» እሳቸውም ጥቂት የተቸገሩ መሰለ። ይርገዱ ተሳልማቸው ሄደች። ስእለት እንደዚህ ከሆድ ወደ ሆድ ይሻገራል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን አብሯት ሄደ።

በማግስቱ ከፀደይ ጋር ባሕር ዳር ደርሳ ተናገረች። ዶክተር ሰውመሆን እስክትጨርስ ሰማትና እስክሪብቶውን ጣል አደረገው።

«ለምን አልነገሩኝም እናቴ?»

«አልጠየቁኝማ! ‹ታጎድላለች ወይ?› አሉኝ፤ አላጎደለችም። በስንት ሰዓት አላሉኝ፣ ሆዷ ውስጥ ቆየ ወይ አላሉኝ።»

ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት። «እውነትዎን ነው» አለ። «ያልቆየን መድኃኒት ሰነፈ ብየ ልፈርድበት ነበር። የልብ ምርመራዋን ዛሬ አየሁት፣ ገና ደህና ናት። እስከ መስከረም በዚሁ ኪኒን፣ በልኩ ሰዓት እንሞክር። ባይወርድ ግን መርፌው ይጨመራል፤ ይህን አልደብቃችሁም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከሦስቱ የትኛው ነው የሚበልጠው?»

«እሱ እንደ ልጁ ነው። አንዱ ልብ ላይ ይበረታል፣ አንዱ ለአወሳሰድ ይቀላል፣ አንዱ ብዙ ዘመን የታወቀ ነው። አንዱ ኩላሊት ያስፈራል፣ አንዱ ነጭ ሕዋስ። ዋናው ልጅቱ የምትወስደው መሆኑ ነው።»

«ይሄም መልስ ነው?» አለች ይርገዱ። ፀደይ ሳቋን ለቀቀችው።

ነሐሴ አንድ፣ ፍልሰታ በገባበት ቀን፣ ዝናቡ አላባራም፤ ሜዳው ውኃ ተኝቶበት ሩዙ አንገቱ ብቻ ይታይ ነበር። የመንደሩ ልጆች ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ሚካኤል ሲጎርፉ ይርገዱ ለልጇ ቂጣና ኪኒን አቀረበች።

«አልበላም» አለች ፀደይ።

«አባ ፈቅደዋል።»

«ለአንች ነው የፈቀዱልሽ። እኔን ማን ጠየቀኝ? የጾምሁት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን አንች ለእኔ ጹመሽ፣ እኔ እንደ ሕፃን በር ዘግቸ ልብላ?»

ይርገዱ ልጇ እንዲህ ያለ ነገር በሆዷ መያዟን አላወቀችም ነበር። «መርፌው ይሻልሻል?» ልትል አሰበችና ተወችው፤ በዚያ ማስፈራራት ከበዳት። «በሩን አልዘጋውም» አለች መጨረሻ ላይ። «ክፍት ይሁን። የሚያይ ይይ።»

ፀደይ በሩን ተመለከተች። ከዚያ ቂጣውን በሁለት ሰብራ ኪኒኑን ዋጠች። ዐሥራ አምስቱን የጾም ቀን በተከፈተ በር በላች፤ አንዳንዱን ቀን እያኮረፈች።

በመስከረም ቁጥሩ ሦስት ሺህ አራት መቶ ነበር። ዶክተሩ አላጨበጨበም። «ወርዷል» አለ፣ «ግን ከጥሩ ገና ሩቅ ነው።»

«መርፌውስ?» አለች ፀደይ።

«እስከ ታኅሣሥ አይመጣም። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቀውም።»

ይርገዱ ደስ ይበላት ወይስ ትፍራ ሳትለይ ወጣች። ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ቀትር ሆኗል፤ የቀትሩ ኪኒን ሰዓት። ቀኑ ረቡዕ ነው። ፀደይ ማንም ሳይነግራት ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች፣ ኪኒኗን አወጣች፣ በሰው ሁሉ ፊት ጎረሰች። ከኋላ የተቀመጡ ትልቅ ሴት «እሰይ! ይች የደረሰች ልጅ፣ በረቡዕ፣ ገና በስድስት ሰዓት!» አሉ።

ይርገዱ ዞር አለች። ስለ ብረቱ፣ ስለ ስእለቱ፣ ስለ ቁጥሩ ልትነግራቸው ነበር፤ ከየቱ እንደምትጀምር ግራ ገባት።

«የእሷን እኔ ነኝ የምጾምላት እማማ» አለች።

ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው የማያውቁ መሆናቸው ከፊታቸው ይታወቃል። ፀደይ ግን ዳቦዋን እያኘከች ነበር፤ ውኃዋን ተጎነጨችና የኪኒኗን እሽግ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።