እናቴ ወደ ኋላ ዞራ የተነሣችው ፎቶግራፍ

ልጅ እያለሁ፣ በእኛ ጎንደር ፎቶግራፍ መነሣት ማለት እንደ ምሰሶ መገተር ነበር። ዓይን ከካሜራው አይነቀልም፤ የእግር ጣት ተቆርጦ ከቀረ ዘመድ ይቀየማል፤ ጥርሱ የታየ ሰው ደግሞ ቀላል ይባላል። ይህን ባስታወስሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አባቴ መሪጌታ ነበር። እናቴ ታናሽ እህቴን ስንዱን ከወለደች ወዲህ ከስታለች፤ ሳሉም አልለቃት ብሏል። አባቴ “ክረምቱ ሳይገባ መልኳ ይቀመጥልን” ብሎ ፎቶግራፍ አንሺውን አያ ደምሴን አስጠራ።

አያ ደምሴ እናቴን ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ አላቆማትም፤ የቤታችን ደፍ ላይ አቆማት። አዲስ የተለቀለቀው ግድግዳ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ ከፀጉሯም የቅቤው ሽታ ይመጣል። ስንዱ በአንቀልባ ታዝላለች። ድንገት ነጭነጭ ስትል እናቴ አንገቷን ወደ ኋላ መለሰችና ፈገግ አለችላት። አያ ደምሴ ያን ጊዜ አነሣት።

ዛሬ የፎቶግራፍ መምህር ነኝ፤ ይህንኑ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የፊትን ቅርጽ ያወጣዋል። ከበስተኋላ ያለው የቤት ውስጥ ጨለማ ፊቱን ያጎላዋል። ሰው ወደሚያይበት አቅጣጫ ቦታ ሲተውለት፣ ተመልካቹም አብሮት ያያል። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የእናቴን ዓይን የተከተለ ሰው ሳይወድ በግዱ ስንዱ ላይ ይደርስ ነበር።

ፎቶግራፉ ታጥቦ የመጣ ዕለት የአባቴ ታላቅ ወንድም ቄስ ይርጋ እኛ ቤት ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥላሉ። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

“ደምሴ፣ ምነው አንድ ዓይኗን ሰረቅሃት?”

“ወደ ልጇ ዞራ ነው እኮ፣ አባ።”

“ይሁዳንም ስንሥለው ዞሮ ነው።”

በሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ጌታን የሰቀሉት ሰቃልያን ናቸው። ለግድግዳና ለብራና ይህ ሥርዓት የተገባ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ካሜራ ግን ጻድቅና ኃጥእ አይለይም። አንዲት በሽተኛ እናት ልጇን ስላየች ከሰቃልያን ወገን ትቆማለች?

“እኔስ ሸጋ ሆኖልኝ ነበር” አለች እናቴ ከጓዳው በር ላይ ሆና፣ ቀስ ብላ። ዞሮ ያያት የለም። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ “ወንድሜ ካሉ አሉ ነው” አለ። ያችን ቃል እስከ ዛሬ አልማርኋትም። አጎቴ ፎቶግራፉን ቀደዱት። ዳግም እንዳይታጠብ ነጋቲቩንም ከአያ ደምሴ ተቀብለው ምድጃው ውስጥ ጣሉት፤ እየተኮማተረ ሲነድ መጥፎ ሽታ ሸተተ። እናቴ የአንቀልባውን ጠፍር አጠበቀች።

ሁለተኛውን ፎቶግራፍ ያስነሡት አጎቴ ራሳቸው ናቸው። እናቴን ስንዱን እንዳዘለች ግድግዳው ፊት አቆሟት፤ ቀለም በለመደው ጣታቸው አገጯን ቀና አደረጉት።

“ዓይንሽን አትስበሪ። ጥርስሽንም ግጠሚ።”

“ሕፃኗስ አትታይም?” አለ አያ ደምሴ።

“እሷ ገና ብዙ ትነሣለች።”

እናቴ መስከረምን አላየችም።

ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው። በከተማችን የፎቶግራፍ ቤቱ በዝቷል፤ ወጣቱ አገጩን በእጁ ደግፎ “በጎን አንሣኝ” ይላል፤ የሚቆጣውም የለም። ተማሪዎቼ በጎን የተነሣ ሰው ሲያሳዩኝ አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን ምድጃው ውስጥ የነደደው ትዝ ይለኛል። አጎቴም አባቴም አርፈዋል። የምጣላው ሰው እንኳ አልተዉልኝም።

ባለፈው እሑድ ስንዱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከእናታችን ፎቶግራፍ ፊት ቆማ አገኘኋት። አሁን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

“ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ቁጡ ነበረች?”

“አልነበረችም።”

“እዚህ ላይማ ቁጡ ናት። እኔስ ያን ጊዜ ተወልጃለሁ?”

“አዎ። ጀርባዋ ላይ ነሽ።”

ወደ ፎቶግራፉ መስተዋት ተጠጋች። በእናታችን በአንደኛው ትከሻ በኩል አየች፤ በሌላውም በኩል አየች።

“የለሁም” አለችኝ።